የአያ ጅቦን ራስ በእጅ መሥራት፦ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በስፖንጅ ተቀርጾ በሰው ሠራሽ ጠጉር የሚለበጠውና ሰው ሙሉ ጭንቅላቱን አጥልቆበት የሚንቀሳቀሰው የእንስሳ ራስ፣ በውጭው ዓለም «ፈርሱት» ከሚባለው ሙሉ ልብስ ውስጥ አድካሚውም ወሳኙም ክፍል ነው። የዚህ ጥበብ ወዳጆች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 በካሊፎርኒያ ኮስታ ሜሳ ከተማ ራሱን የቻለ ጉባኤ ማካሄድ የጀመሩ ሲሆን፣ ዛሬ በፒትስበርግ ከተማ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ለባለሙያ ታዝዞ የሚሠራ አንድ ራስ ብቻ ከ1,000 ዶላር በላይ መጠየቁ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው የሚጠይቀው ነገር አብዛኛው በጎጃም ከተሞች በቀላሉ ይገኛል። በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በዳንግላ፣ ሶፋ የሚሠራ፣ ልብስ የሚሰፋ፣ ጫማ የሚጠግንና ልባሽ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ካለ፣ ለትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ወይም ለልጆች የተረት ዝግጅት የሚሆን ራስ መሥራት ይቻላል።

ለዚህ መመሪያ የተመረጠው እንስሳ ጅብ ነው። ተረቱን የማያውቅ ልጅ ስለሌለ፣ «አያ ጅቦ ሳታማኻኝ ብላኝ» ሲባል ማን እንደሚገባ ተመልካቹ ቀድሞ ያውቃል። ለጀማሪም ይመቻል፤ የነጠብጣባሙ ጅብ ጆሮ ክብ፣ አፉ ሰፊና ደፍጠጥ ያለ፣ ጠጉሩም አጭር በመሆኑ እንደ ቀበሮ ሹል አፍና ሹል ጆሮ አያስቸግርም። ባለ መስመሩ ጅብ ግን ጆሮው የሾለ፣ ጋማውም የረዘመ ስለሆነ ለሁለተኛ ሥራ ቢቆይ ይመረጣል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ይህ ራስ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሠራ መሆኑ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚቸኩለው ለጠጉሩና ለጥርሱ ነው፤ ነገር ግን ለባሹ የማያይበትና የማይተነፍስበት ራስ የቱንም ያህል ቢያምር ከመደርደሪያ ላይ አይወርድም። ስለዚህ ከዚህ በታች ባለው በእያንዳንዱ ደረጃ ራሱን አጥልቆ መሞከር የሥራው አንድ ክፍል ተደርጎ ይወሰድ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ዋናው ቁስ ሶፋ ሰሪዎች የሚጠቀሙበት ጠንከር ያለ ስፖንጅ ነው። 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ለራሱ መሠረት፣ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነው ደግሞ ለአፉ ያገለግላል። ሙሉ ፍራሽ መግዛት አያስፈልግም፤ ሶፋ ቤቶች የሚጥሉት ቁርጥራጭ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ሲመርጡ በእጅዎ ጨምቀው ይልቀቁት፤ ወዲያው ወደ ቦታው የሚመለሰው ጥሩ ነው፣ ተጨምቆ የሚቀረው ግን ከጥቂት ልብሰት በኋላ ይዘምማል።

ለማጣበቂያ ጫማ ሰፊዎችና ሶፋ ሰሪዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ይመረጣል። በኤሌክትሪክ የሚቀልጠው ዱላ ሙጫ ፈጣን ቢሆንም፣ ሲደርቅ ጠጥሮ ግንባር ይቆረቁራል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከተተወም ይለሰልስና ስፌቱን ይለቃል። ማስቲሽ ግን ደርቆም ከስፖንጁ ጋር ይተጣጠፋል። አደጋው ጭሱና እሳቱ ነው፤ ሽታው ራስ ያዞራል፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል። ስለሆነም ቡና በሚፈላበት ወይም ከሰል በተያያዘበት ክፍል ፈጽሞ አይክፈቱት፤ በረንዳ ላይ ወይም በሩና መስኮቱ በተከፈተ ቤት ይሥሩ።

ለጠጉሩ በጨርቅ ቤት የሚሸጥ ሰው ሠራሽ የጠጉር ጨርቅ ከተገኘ 1 ሜትር ለአንድ ራስ ይበቃል። ካልተገኘ ደግሞ ልባሽ ተራ ሄደው አሮጌ የጠጉር ካፖርት፣ የጠጉር ገበር ያለው ጃኬት ወይም ጠጉራም ምንጣፍ ይፈልጉ። ቡላማ ለአብዛኛው ፊት፣ ጥቁር ለአፉና ለጆሮው ውስጥ፣ ግራጫ ለጋማው ይሆናል። ከዚህ ሌላ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ስለት ያለው መቀስ፣ ካተር፣ ምላጭ፣ ጠንካራ ክርና መርፌ፣ ማርከር፣ ሰፊ ፕላስተር፣ የፕላስቲክ የዱቄት ወንፊት፣ አክሪሊክ ቀለም፣ ከጫማ ሰፊ የሚገኝ የጥቁር ቆዳ ቁራጭና አንድ ስስ የጥጥ ሻሽ ያዘጋጁ።

ልክና መሠረት

ልክ የሚወሰደው ለባሹ ሻሹን እንዳሰረ ነው። ጠጉሯን የተሠራች ልጅ ከሆነች በሹሩባዋ ላይ ይለካ፤ የሹሩባው ውፍረት በኋላ ራሱን እምቢ ሊያሰኘው ይችላል። በግንባር በኩል ዙሪያውን፣ ከአገጭ ሥር ተነሥቶ በመሐል አናት በኩል እስከ ማጅራት ያለውን ርዝመት፣ እንዲሁም የሁለቱ ብሌኖች መሐል ምን ያህል እንደሚራራቅ ይመዝግቡ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የጅቡ ዓይኖች የሚቀመጡት ግን በእርሱ መሠረት ነው።

ቀጥሎ ከ2.5 ሳንቲ ሜትሩ ስፖንጅ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሰቅ ይቁረጡና በለባሹ ራስ ላይ ከቅንድብ በላይ ጀምሮ እንደ መቀነት ያዙሩት። ስፖንጁ ወፍራም ስለሆነ ሲታጠፍ የውጭው ዙሪያ ከውስጡ ይረዝማል፤ በዚህም ምክንያት በሜትር የተለካውን ቁጥር ብቻ ይዞ የቆረጠ ሰው 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ያጥረዋል። አስተማማኙ መንገድ ጠቅልሎ ጫፍና ጫፉ የሚገናኝበትን በማርከር ማመልከት ነው። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ማስቲሹን በሁለቱም ጫፍ ላይ በስሱ ይቀቡ፣ በእጅ ሲነኩት የማይጣበቅ እስኪሆን ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና በአንድ ጊዜ ያጋጥሙት፤ አንዴ ከተያያዘ ማስተካከል አይቻልም።

አናቱን ለመድፈን ከግንባር ወደ ማጅራት በመሐል የሚያልፍ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ሰቅ ይለጥፉ፤ በግራና በቀኝ የሚቀረውን ክፍተት በወረቀት ቀርጸው በዚያው ልክ በተቆረጠ ስፖንጅ ይሙሉ። ከዚያ ጉንጩንና አገጩን የሚሸፍን ሌላ ስፖንጅ ከሰቁ በታች ይቀጥሉ፣ ፊት ለፊቱን ግን ከቅንድብ እስከ አገጭ ክፍት ያድርጉት። አሁን ያጥልቁት። ጥብቅ ብሎ ጆሮ ከጨመቀ ከኋላ በኩል ሰንጥቀው ላስቲክ ያስገቡበት፤ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ውስጡ ላይ ስስ ስፖንጅ ጨምሩ እንጂ ሻሹን አያወፍሩ። ጭንቅላትዎን ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቁ የጅቡ ራስ አብሮ መሄድ ይኖርበታል።

አፉን መቅረጽ

ጅብን ጅብ የሚያሰኘው አፉ ነውና እዚህ ላይ ጊዜ መስጠት ይገባል። ከ5 ሳንቲ ሜትሩ ስፖንጅ ሁለት ጡብ መሰል ቁራጮችን ደራርበው ያያይዙና ከፊቱ ክፍት ቦታ ላይ ከመለጠፍዎ በፊት ውስጡን ቦርቡሩ። ከለባሹ ከንፈርና አፍንጫ እስከ ስፖንጁ ድረስ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር አየር ሊኖር ይገባል፤ የላይኛውና የታችኛው መንጋጋም ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ተከፍተው ይሠሩ። ዋናው የአየር መግቢያ ይህ የአፍ ክፍተት ነው፣ ወደ ታች መርገጫን ማየት የሚቻለውም በእርሱ ነው። በአፍንጫው ቀዳዳዎች በኩልም እስከ ውስጥ የሚዘልቅ ቀዳዳ ማውጣት ትንፋሹን ያቀለዋል።

ሲቀርጹ በመሐል አናት በኩል እስከ አፍንጫው ጫፍ የሚወርድ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። ከዚያም መቀሱን ትልቅ ትልቅ አድርገው ሳይሆን በትንሽ በትንሹ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያሉ ይከርክሙ። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ሚዛኑን ያጠፋል። ሁለቱ ጎኖች እኩል መሆናቸውን ለማወቅ ፊት ለፊቱን በስልክ ፎቶ ያንሱና ምስሉን ግራና ቀኙን ገልብጠው ይመልከቱት፤ ዓይን የለመደውና ያለፈው መዛነፍ ወዲያውኑ ይታያል። ጠጉር ጉድለቱን ይሸፍነዋል ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ ጠጉሩ አጭር የሆነ እንስሳ ላይ ግን አይሸፍነውም። ስለዚህ ስፖንጁ ብቻውን ቆሞ ከሩቅ ጅብ ካልመሰለ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ።

ቅንድቡ ከፍ ብሎ ወደ መሐል ካዘነበለ ጅቡ ቁጡ፣ ወደ ውጭ ካዘነበለ የዋህ ይመስላል። በተረቶቻችን ውስጥ አያ ጅቦ ጉልበተኛ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ በጦጣና በቀበሮ የሚታለል በመሆኑ፣ ለልጆች ዝግጅት የዋሁን ቅንድብ መምረጥ የተሻለ ነው። ጆሮዎቹን ከ2.5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ክብ አድርገው ቆርጠው፣ ወደ ፊት ጎድጎድ እንዲሉ ከሥራቸው ቆንጥጠው ይለጥፉ።

ዓይኖቹ

የዓይኑ ነጭ ክፍል ከነጭ የፕላስቲክ ባልዲ ተቆርጦ ይወጣል፤ መሐሉ ላይ ብሌኑ የሚቀመጥበት ክብ ቀዳዳ ይኖረዋል። ብሌኑ የሚሠራው ከወንፊቱ መረብ ነው። መረቡን ከነጩ ጋር ትክክል አድርገው አይለጥፉት፤ ከነጩ በስተ ኋላ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥ። እንዲህ ሲሆን ተመልካቹ በግራም ይቁም በቀኝ፣ ብሌኑ ከነጩ ጠርዝ ጀርባ እየተገለጠና እየተሸፈነ ስለሚታይ ጅቡ በዓይኑ የሚከተለው ይመስላል። ከአዳራሹ ዳር የተቀመጠ ልጅም እኔን እያየኝ ነው ይላል።

የወንፊቱ ቀዳዳ መጠን ወሳኝ ነው። በጣም ደቃቅ ከሆነ ቀለሙ ይደፍነዋል፣ በጣም ሰፊ ከሆነ የለባሹ ዓይን ከውጭ ይታያል፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያለው ይስማማል። በውጭ በኩል ቡናማና መሐሉን ጥቁር አድርገው በቀጭኑ ይቀቡ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ቀዳዳዎቹን እፍ ብለው ይክፈቱ፣ የተደፈነ ካለም በመርፌ ይውጉት። በውስጥ በኩል ያለው ገጽ ግን ሙሉ በሙሉ በማያብረቀርቅ ጥቁር ይቀባ። ምክንያቱም ብርሃን የሚያርፍበት ደማቅ ገጽ ዓይንን ስለሚስብ፣ ተመልካቹ ቀለሙን ብቻ ያያል፤ ለባሹ ደግሞ ከጨለማው ውስጥ ሆኖ በጥቁሩ መረብ ውስጥ ወደ ብርሃኑ አሻግሮ ይመለከታል። ውስጡ ነጭ ቀርቶ ከሆነ የገዛ ነጸብራቁ እይታውን ይጋርደዋል። ዓይኖቹን ከማጣበቅዎ በፊት በፕላስተር አስይዘው ይልበሱትና በግቢ ውስጥ ይራመዱ፤ ደረጃና ድንጋይ የማይታይዎት ከሆነ ብሌኑን ያስፉ ወይም ዝቅ ያድርጉ።

ልክ ማውጣትና ጠጉሩን መቁረጥ

ስፖንጁ ሲያልቅ በስስ ፌስታል ይጠቅልሉትና በላዩ ፕላስተሩን አንድ ድርብ ያልብሱት። ሁለቱ ጎኖች እኩል ከሆኑ ግማሹን ብቻ መሸፈን ይበቃል። በፕላስተሩ ላይ ቀለም የሚቀየርበትንና ስፌት የሚያልፍበትን መስመር ያስምሩ፤ ስፌቶቹ በቅንድብ ሥር፣ በጉንጭ እጥፋትና በጆሮ ሥር ቢያልፉ አይታዩም። ከዚያ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ጠጉሩ የሚተኛበትን አቅጣጫ በቀስት ያመልክቱ፦ ከአፍንጫ ተነሥቶ በግንባር በኩል ወደ ኋላ፣ በጉንጭ ላይ ወደ ውጭና ወደ ታች፣ በአገጭ ሥር ወደ ታች። በመስመሩ ቆርጠው ሲያወጡት ጠፍጣፋ ሆኖ ካልተኛ፣ ጠርዙን ጥቂት ቦታ ይሰንጥቁት።

ልኩን በጠጉሩ ጨርቅ ጀርባ ላይ ያድርጉና አንዴ እንዳለ፣ አንዴ ገልብጠው ይሣሉት፤ ካልገለበጡት ሁለት የግራ ጉንጭ ይኖርዎታል። ቀስቱም በሁለቱም ላይ ከጠጉሩ አተኛኘት ጋር ይግጠም።

ሲቆርጡ መቀስ አይጠቀሙ። ጨርቁን ጠጉሩን ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡ፣ ምላጩን በጣቶችዎ ጫፍ ይያዙና ጠጉሩ የተያዘበትን መደብ ጨርቅ ብቻ በስሱ ይቅደዱ። ትክክል ከቆረጡ ሁለቱን ቁራጮች ሲለያዩዋቸው ጠጉሩ ሳይቆረጥ እየተመዘዘ ይወጣል፣ ጫፉም ሙሉ ርዝመቱን እንደያዘ ይቀራል። በመቀስ የተቆረጠ ግን በስፌቱ ላይ የታጨደ መስመር ይተዋል፤ ያንን የሚመልስ ማበጠሪያ የለም። ምላጩ ከጣት እንዲርቅ፣ ከሥርም ወፍራም ካርቶን እንዲኖር ያስፈልጋል። ብናኙ ብዙ ነውና አፍና አፍንጫን መሸፈን ተገቢ ነው።

መስፋት፣ ማልበስና መከርከም

ቁራጮቹን ጠጉር ለጠጉር ፊት ለፊት ያጋጥሙ፣ በጠርዙ የወጣውን ጠጉር በመርፌ ወደ ውስጥ ይግፉና ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ከጠርዝ ገብተው በጥቅጥቅ የእጅ ስፌት ይስፉት። የልብስ ስፌት መኪና ቢኖርም ለመጀመሪያ ሥራ እጅ ይሻላል፣ መኪናው ጠጉሩን አብሮ ይሰፋዋልና። ሲጨርሱ ከውጭ በኩል በስፌቱ ውስጥ የተያዘውን ጠጉር በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ያውጡ፤ ስፌቱ የሚጠፋው በዚህ ነው።

የተሰፋውን የጠጉር ጨርቅ በስፖንጁ ላይ ሲያለብሱት ሁሉንም በማስቲሽ አይቀቡ። ጎድጎድ ያሉትን ቦታዎች ብቻ ይለጥፉ፦ የዓይን ዙሪያውን፣ የአፉን ሥር፣ ጉንጩን፣ ከንፈሩን። ጉብ ያለው ቦታ በመወጠሩ ብቻ ይያዛል። በዓይኑ ቀዳዳና በከንፈሩ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አጥፈው ይለጥፉ።

ጠጉሩ ረዘም ያለ ከሆነ በጠጉር መቁረጫ ማሽን ይከረከማል። በአፉ ላይና በዓይን ዙሪያ እጅግ አጭር፣ ወደ ጉንጩና ወደ አንገቱ እየረዘመ ይሂድ፤ በረጅሙ ማበጠሪያ ጀምረው ወደ አጭሩ ይውረዱ። አፍንጫውን በጫማ ሰፊው ቆዳ ይልበጡት። ምላሱ ከቀይ ወፍራም ጨርቅ፣ ጥርሱ ከነጭ ስስ ስፖንጅ ይሠራል፤ ጥርሱ ለስላሳ ከሆነ ከልጆች ጋር ሲጋጭ አይጎዳም። በማጅራቱ ላይ ግራጫውን ጠጉር ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርገው ሲሰፉለት፣ አጭር ጋማው ራሱን ከጎን ሲያዩት ሙሉ ያደርገዋል።

መልበስና መጠበቅ

የመጀመሪያው ልብሰት ከ10 ደቂቃ አይብለጥ፤ ከለመዱትም በኋላ በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በላይ አይቆዩበት። በደብረ ማርቆስ ብርድ የሚያስደስተው ሙቀት በሚያዝያ በባሕር ዳር ያሸንፋል፤ ስለዚህ ከመልበስ በፊትም በመሐልም ውሃ መጠጣት፣ ካዞረ ደግሞ ትርኢቱ ባያልቅም ወዲያውኑ ማውለቅ ግዴታ ነው። ከተቻለ በ5 ቮልት የሚሠራ ትንሽ የኮምፒውተር ፋን በአፉ ውስጥ ይሰኩና ከፓወር ባንክ ጋር ያገናኙት፤ አየሩን ወደ ውጭ እንዲያወጣ ቢዞር የሞቀው ትንፋሽ አይጠራቀምም።

ለባሹ ብቻውን አይሂድ። እጁን ይዞ የሚመራው፣ ሕፃናት ሲፈሩ ወደ ኋላ የሚያስቀረው አንድ ረዳት ይኑር። የሚያለቅስ ልጅ ካለ ከእርሱ ራቅ ብሎ ተንበርክኮ መቀመጥ ይረዳል፤ እየተከተሉ ማባበል ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ለእንስሳትም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፦ የጋሪ ፈረስ በሚያልፍበት መንገድ፣ ይልቁንም ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር፣ ይህን ራስ ለብሶ ወደ ፈረሶች መቅረብ ጋላቢውን ለአደጋ የሚዳርግ ነገር ነው።

ከእያንዳንዱ ልብሰት በኋላ ሻሹን ይጠቡ፣ የራሱን ውስጥ በሕክምና አልኮል በስሱ ይርጩና የአንገቱን ክፍት ወደ ላይ ገልብጠው ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያድርቁት። ስፖንጁን ውሃ ውስጥ አይዘፍዝፉ፤ ጠጉሩ ከቆሸሸ በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት ሳሙና በተነከረ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። እሳት ዳር ማድረቅ ጠጉሩን ያቀልጠዋል። በክረምት በጎጃም ደጋ እርጥበቱ ስለሚበረታ ራሱን በፌስታል ዘግቶ ማስቀመጥ ሻጋታ ይጠራል፤ በባልዲ ወይም በእንጨት ማቆሚያ ላይ አቁመው በስስ የጥጥ ጨርቅ ይሸፍኑት፣ ከመሬትና ከግድግዳ ያርቁት፣ ፀሐይ በወጣችበት ቀንም አውጥተው ያናፍሱት።